ከወዳደቀ ብረት የሚሠራ የውፍረት መለኪያ
ለሠፈራ ጣቢያ የእንጨት ሥራ ክፍሎች የቀረበ ትምህርት

እንደሚታወቀው ድርቅ የሚያጠፋው እህልን ብቻ አይደለም። ዝናብ ተከታትሎ ሲከዳ ገበሬው አስቀድሞ በጉንና ፍየሉን፣ ቀጥሎ በሬውን፣ በመጨረሻም ዶማውንና ማጭዱን ሳይቀር ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ቀዬውን ለቆ ወደ መጠለያ ወይም ወደ ሠፈራ ጣቢያ ሲደርስ እጁ ባዶ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ተዘዋውሯል። ዝውውሩ በጥድፊያ፣ ብዙውን ጊዜም ያለሠፋሪው ፈቃድ የተካሄደ በመሆኑ፣ ሠፋሪው መሬት ከተመራለት በኋላ እንኳ የሚቆፍርበትን መሣሪያ የሚጠብቀው ከእርዳታ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራምም የእጅ መሣሪያ ለሠፋሪው ከሚሰጠው የመቋቋሚያ ድጋፍ አንዱ ነበር።

የእጅ መሣሪያ በእርዳታ ሲመጣ ግን ለጭነት እንዲያመች ብዙ ጊዜ የሚላከው ብረቱ ብቻ ነው። እጀታው በጣቢያው ወይም በአቅራቢያው ባለ የእንጨት ሥራ ክፍል ይዘጋጃል ተብሎ ይታሰባል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከተለያዩ ፋብሪካዎች የተሠሩ ዶማዎችና አካፋዎች የእጀታ ቀዳዳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አናጢው በዐይኑ ገምቶ ያወጣው እጀታ ለአንዱ ሲጠብ ለሌላው ይሰፋል። የጠበበው እየተጠረበ፣ የሰፋው በጨርቅና በጎማ ቁራጭ እየተወተፈ ወደ ሥራ ይገባል። የተወተፈው ዶማ በቁፋሮ መካከል ሲላቀቅ ብረቱ ተስፈንጥሮ የቆፋሪውን ወይም በአጠገቡ ያለውን ሰው እግር ይመታል። ጉዳት ባይደርስ እንኳ የዘር ጊዜ በእጀታ ጥገና ያልፋል። ዝናብ የሚጥልበት ሳምንት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ይህንን ችግር ለማቃለል የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ከወዳደቀ ላሜራና ከአንድ ቡሎን በግማሽ ቀን ሊሠራ የሚችል ካሊፐር፣ ማለትም የውፍረት መለኪያ፣ ይበቃል። ከዚህ በታች የካሊፐሩ ጥቅም፣ አሠራርና አጠቃቀም በቅደም ተከተል ቀርቧል።

1. ካሊፐር ምንድን ነው?

በአገራችን አናጢው ርዝመትን በክንድ፣ በስንዝር፣ በጋትና በጣት ሲለካ ኖሯል። እነዚህ ልኬቶች ለምሰሶና ለሣንቃ ያገለግላሉ። በቶርኖ ላይ እየተሽከረከረ የሚላግ ክብ እንጨት ግን በእነርሱም ሆነ በማስመሪያ በትክክል አይለካም፤ ማስመሪያው የሚያርፈው በክቡ ጐን ላይ እንጂ በመካከሉ አይደለምና። ካሊፐር በአንድ ቡሎን የተያያዙ ሁለት ቀስት መሰል እግሮች ያሉት ሲሆን፣ እንጨቱን ከግራና ከቀኝ አቅፎ በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ይይዛል። የተያዘው ርቀት ወደ ማስመሪያ ተወስዶ ሊነበብ፣ ወይም ሳይነበብ ከሌላ እንጨት ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

መሣሪያው አዲስ ፈጠራ አይደለም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ9 ዓ.ም. የተሠራ የነሐስ ካሊፐር እስካሁን ተጠብቆ ይገኛል። ፈረንሳዊው ፒየር ቬርኒየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1631 የሚሊ ሜትርን ክፍልፋይ ለማንበብ የሚያስችለውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የመለኪያ ስልት ይፋ አድርጓል። ለእጀታ ሥራ ይህን ያህል ረቂቅ ንባብ አያስፈልግም። አንድ ሚሊ ሜትርን ለይቶ የሚይዝ መለኪያ በቂ ነው።

የእርዳታ ሠራተኞች ይህን አሠራር ከሌላ ሥራቸው ያውቁታል። የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለመለየት በክንድ ላይ የሚጠቀለለው ባለቀለም ጥብጣብ ቀላል ነገር ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያለው ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ቀለም ይታያል፤ ሠራተኛውም ቁጥር ሳያሰላ ሕፃኑን ወደ ሕክምና ይልካል። የጥብጣቡ ጥቅም ከጣቢያ ጣቢያ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ፍርዱ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ካሊፐርም ለአናጢው የሚሰጠው ይህንኑ ነው፤ ግምትን ያስቀራል፣ አንዱ ያወጣው እጀታ ሌላው ከያዘው ብረት ጋር እንዲገጥም ያደርጋል።

2. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለእግሮቹ፦ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ተመራጭ ነው። ከአሮጌ ተሽከርካሪ አካል፣ ከተሰበረ የብረት መደርደሪያ ወይም ከተጣለ የማሽን ክዳን ሊቆረጥ ይችላል። የዘይት እርዳታ የሚመጣበት ጣሳና የጣሪያ ቆርቆሮ እጅግ ስስ በመሆናቸው ስለሚተጣጠፉ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ለማያያዣው፦ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አጭር ቡሎን፣ ሁለት ዳዶ፣ ሁለት ሮንዴላና በሮንዴላ ልክ የተቆረጠ አንድ የቆዳ ቁራጭ።

ለሥራው፦ የብረት መጋዝ፣ ሞረድ፣ መዶሻ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ኮምፓስ፣ ማስመሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቅርጹ የሚነደፍበት የካርቶን ቁራጭ። ትራፓኖ በሌለበት ቦታ የአካባቢው ብረት ቀጥቃጭ ላሜራውን አግሎ በተመጠነ ብረት ሊበሳው ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ላሜራ ከበርሜል በሚወሰድበት ጊዜ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ መታወቅ አለበት። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ መስሎ ቢታይም ውስጡ የቀረው ትነት በእሳት ወይም በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ደግሞ መርዙ ታጥቦ በቀላሉ አይለቅም። ሁለቱም ዓይነት በርሜሎች ለዚህ ሥራ መዋል የለባቸውም።

3. ቅርጹን መንደፍ

ከዚህ በታች የተሰጠው ልክ እስከ 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን እንጨት ለመለካት የሚያስችል ካሊፐር ነው። ይህም ለእጀታ፣ ለበርጩማና ለአልጋ እግር ይበቃል።

ሀ/ በካርቶኑ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ይሰመራል። በመሥመሩ ላይ አንድ ነጥብ ይመረጥና በኮምፓስ ሦስት ክቦች ይሣላሉ። የመጀመሪያው ክብ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 50፣ ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛው 72 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ክብ የሚለካውን ትልቁን እንጨት ይወክላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት የካሊፐሩ እግር ነው።

ለ/ ከክቦቹ መካከል ወደ ላይ 90 ሚሊ ሜትር ተለክቶ በቀጥታው መሥመር ላይ ምልክት ይደረጋል። ይህ የቡሎኑ ቦታ ነው። በዚህ ነጥብ ዙሪያ 12 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ትንሽ ክብ ይሣላል፤ ይህም የእግሩ ራስ ይሆናል።

ሐ/ ከራሱ ተነሥቶ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ አንገት ወደ ግራ ታች በሰያፍ ይወርድና በሁለተኛውና በሦስተኛው ክብ መካከል ካለው ቅስት ጋር ይገናኛል። መገናኛው በክቡ አናትና በግራ ጐኑ እኩሌታ ላይ ነው። አንገቱ የሁለተኛውን ክብ መሥመር አልፎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ከገባ ትልቁ እንጨት በሚለካበት ጊዜ ይነካካል።

መ/ ቅስቱ ከክቦቹ መካከል ጋር ትይዩ እስከሆነው የግራ ጐን ይወርዳል፤ ከዚያም 6 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ያበቃል። በትክክል ከመካከሉ ጋር በሚተካከልበት ቦታ ላይ ወደ ውስጥ የሚያመለክት አፍንጫ ይወጣል፤ ጫፉም የመጀመሪያውን ክብ ይነካል። የሚለካው በዚህ ጫፍ ነው።

ቅርጹ ከካርቶኑ ላይ በመቀስ ይቆረጣል። የሚያስፈልገው የአንድ እግር ቅርጽ ብቻ ነው፤ ሁለቱም እግሮች አንድ ሆነው ይሠሩና በመጨረሻ አንዱ ይገለበጣል።

4. መቁረጥና ማገጣጠም

በመጀመሪያ ቅርጹ በሁለት ላሜራዎች ላይ በሾለ ምስማር ይነደፋል። ቀጥሎ የቡሎኑ ቀዳዳ በሁለቱም ላይ ይበሳል። ቀዳዳው መበሳት ያለበት እግሮቹ ከመቆረጣቸው በፊት ነው፤ ሰፊ ላሜራ በሞርሳ ለመያዝ ይመቻል፣ በትራፓኖም አይሽከረከርም። ቀዳዳው ቡሎኑን ያለ ስፋት የሚያስገባ መሆን አለበት። በቀዳዳው ላይ ያለ ጥቂት ልቅነት በጫፎቹ ላይ በዝቶ ይታያል፤ ልኬቱም በየጊዜው ይለዋወጣል።

እግሮቹ በብረት መጋዝ ከመሥመሩ ጥቂት ወጣ ተደርገው ከተቆረጡ በኋላ ሁለቱ ተደራርበው በቡሎኑ ይታሠራሉ። እንደ አንድ ብረት ሆነው በሞርሳ ተይዘው በሞረድ ይሞረዳሉ። ይህ አሠራር ጊዜ ከመቆጠቡም በላይ ሁለቱ እግሮች ፍጹም እኩል እንዲሆኑ ያደርጋል። ስለታማው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የአፍንጫው ጫፍ ሹል ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ሹል ጫፍ እንጨቱን ይቧጥጣል፣ በቶሎም ይበላል። የስንዴ ቅንጣት ራስ ያህል ድቡልቡል ቢሆን ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ቡሎኑ ይፈታና አንደኛው እግር ይገለበጣል። ቅደም ተከተሉ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ አንደኛው እግር፣ ቆዳ፣ ሁለተኛው እግር፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ ይሆናል። በእግሮቹ መካከል የሚገባው ቆዳ እንቅስቃሴውን ሳይንሸራተትና ሳይጠነክር እኩል አድርጎ ይይዛል። የመጀመሪያው ዳዶ ልኩ ሲገኝ ሁለተኛው በላዩ ይጠብቃል፤ አንዱ ሌላውን ስለሚቆልፍ በሥራ ብዛት አይላላም።

የዳዶው ጥብቀት ልክ የሚታወቀው እንደሚከተለው ነው። ካሊፐሩ ተከፍቶ በአንድ እግሩ ብቻ ተይዞ ሲነሣ ሌላው እግር በራሱ ክብደት መውረድ የለበትም። በአውራ ጣት ሲገፋ ግን ያለ ትግል መንቀሳቀስ አለበት። በመጨረሻም ካሊፐሩ ሲዘጋ ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት መገናኘታቸው ይታያል። ካልተገናኙ የረዘመው በሞረድ ይስተካከላል።

5. ትክክለኛነቱን መፈተን

የተገዛ መለኪያ በሌለበት ጣቢያ አዲሱ ካሊፐር በምን ይፈተናል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በወረቀትና በማስመሪያ ነው። አንድ ክብ እንጨት ወይም የውሃ ቧንቧ በቀጭን ወረቀት ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። ወረቀቱ ተደርቦ በተገናኘበት ቦታ በምላጭ ይቆረጥና ተዘርግቶ ርዝመቱ ይለካል። የዙሪያው ርዝመት በ22 ተካፍሎ በ7 ሲባዛ ውፍረቱን ይሰጣል። ለማስታወስ እንዲያመች የሚከተሉት ቁጥሮች በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢጻፉ ይጠቅማል።

ዙሪያው 66 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 21፣
ዙሪያው 88 ከሆነ ውፍረቱ 28፣
ዙሪያው 110 ከሆነ ውፍረቱ 35፣
ዙሪያው 132 ከሆነ ውፍረቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ዘዴ ስሕተትን ይቀንሳል። በዙሪያው ልኬት ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢፈጠር በውፍረቱ ላይ የሚደርሰው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በካሊፐሩ የተገኘው ልክ ከዚህ ጋር ከተስማማ መሣሪያው ለሥራ ዝግጁ ነው። ካሊፐሩን በማስመሪያ ሲያነቡም አንዱን ጫፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር ምልክት ላይ ማሳረፍና በኋላ 10ን መቀነስ ይመረጣል፤ የማስመሪያ መነሻ ጠርዝ በአገልግሎት ብዛት የሚበላ ነውና።

6. አጠቃቀም

የዶማው ቀዳዳ 35 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። እጀታው ወደ ቀዳዳው የሚገባበት ጫፍ 34፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው መቀመጫው ደግሞ 37 ሚሊ ሜትር እየሆነ ቀስ በቀስ እንዲወፍር ይደረጋል። እንዲህ ከሆነ እጀታው በቀላሉ ይገባና እየተመታ ሲሄድ ይጠብቃል፤ በሽብልቅ ሲደገፍም ጨርቅና ጎማ አይፈልግም።

አናጢው ካሊፐሩን በሚፈለገው ልክ ይከፍትና በቶርኖው ላይ ያለውን እንጨት በየጥቂት ጊዜው ይለካል። በሚለካበት ጊዜ ቶርኖው መቆም አለበት። በሞተር በሚሠራ ቶርኖ ላይ ይህ ያለማመንታት የሚከበር ደንብ መሆን ይኖርበታል፤ እየተሽከረከረ ያለ እንጨት ካሊፐሩን ነጥቆ ሊወረውረው ወይም የሠራተኛውን እጅ ሊስብ ይችላልና። በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ላይም ቢሆን እግርን ከመርገጫው ማንሣት ጊዜ አይፈጅም።

የቀዳዳውን ስፋት ለመለካት እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ጫፎቻቸውም ወደ ውጭ የዞሩ ሁለተኛ ካሊፐር በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ይህ ወደ ቀዳዳው ገብቶ እስኪነካ ድረስ ይከፈታል። ከዚያም የውፍረት መለኪያው በእርሱ ልክ ይከፈታል። ቁጥር ማንበብ የማይችል ሠራተኛም ቢሆን በዚህ ዘዴ እጀታን ከቀዳዳ ጋር ያለ ስሕተት ማስማማት ይችላል።

ብዙ እጀታዎች በአንድ ልክ የሚሠሩ ሲሆን በየጊዜው ካሊፐር ከመክፈት ይልቅ ቋሚ መለኪያ ማዘጋጀት ይሻላል። ይኸውም በአንድ የላሜራ ቁራጭ ጐን ላይ ሁለት ጥርሶች፣ አንዱ 35፣ ሌላው 33 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖራቸው አድርጎ መቁረጥ ነው። የእጀታው ጫፍ በትልቁ ጥርስ ካለፈና በትንሹ ካላለፈ ተቀባይነት አለው። በሁለቱም ካለፈ ቀጥኗል፤ በሁለቱም ካላለፈ ገና መላግ አለበት።

7. ስለ እንጨቱ

መለኪያው ትክክል ሆኖ እጀታው የሚላላበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም እርጥብ እንጨት ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም ባይቀንስም በወርዱ ይኮማተራል። ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ የወጣ የባሕር ዛፍ እጀታ ከጥቂት ሳምንት ፀሐይ በኋላ በቀዳዳው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። በመሆኑም እርጥብ እንጨት በመጀመሪያ ከሚፈለገው ልክ ወፈር ተደርጎ ይላግና ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ተደርድሮ ይደርቃል። ወደ ትክክለኛው ልክ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። ወይራ በሚገኝበት አካባቢ ለጥንካሬው ለእጀታ ይመረጣል፤ ነገር ግን ዛፉ ለማደግ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ለእጀታ ሲባል እንዳይጨፈጨፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

8. ከአስተዳደር ሠራተኞች የሚጠበቅ

ካሊፐሩን የሚሠራው አናጢው ቢሆንም ጥቅሙ የሚገኘው የጣቢያው አስተዳደርና የንብረት ክፍል ሲተባበሩ ነው። ዶማ፣ አካፋና ማጭድ በሞዴል 19 ገቢ በሚደረግበት ጊዜ ንብረት ያዡ ከብዛቱ ጋር የእጀታ ቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር ቢመዘግብ፣ የእንጨት ሥራ ክፍሉ ምን ያህል እጀታ በየትኛው ልክ ማዘጋጀት እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ዕቃው በሞዴል 22 ወጪ ሲሆንም ብረትና እጀታ በልካቸው ተጣምረው ይወጣሉ። ከለጋሾች ጋር በሚደረግ የመጻጻፍ ሥራ ላይ ልኩ ቢጠቀስ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የሚላከው ዕቃ አንድ ወጥ የሚሆንበት ዕድል ይሰፋል።

ለወዳደቀ ብረትም የሚቀመጥበት አንድ የተከለለ ቦታ ቢዘጋጅ መልካም ነው። ከጣቢያ ተጠርጎ የሚጣለው ላሜራና ቡሎን ለእንጨት ሥራ ክፍሉ ጥሬ ዕቃ ነው። ሥልጠናውን በተመለከተ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ሰዎች፣ ማለትም አንድ አናጢና አንድ ብረት ቀጥቃጭ፣ በአንድነት ቢሠለጥኑ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ከሠፋሪዎቹ መካከል እነዚህን ሙያዎች ይዘው የመጡ ስለማይጠፉ ከውጭ ባለሙያ ከመጠየቁ በፊት እነርሱን መፈለግ ይገባል። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው በእርዳታ ተቀባይነት ብቻ ተመዝግቦ ሲቀመጥ ጣቢያው ያጣው እጅ ቀላል አይደለም። ባለሙያው በእጁ ያለውን ለጎረቤቱ ሲሠራና ሲያስተምር ግን ለሌላው መቋቋሚያ፣ ለራሱም ክብር ያገኛል።

በማጠቃለል፣ ካሊፐር ትንሽ መሣሪያ ናት። ነገር ግን እርዳታ ተብሎ የደረሰው ብረት በመጋዘን እንዳይከርም፣ የተመራው መሬት በወቅቱ እንዲቆፈርና ቆፋሪው ከጉዳት እንዲጠበቅ የምታበረክተው ድርሻ ከዋጋዋ ጋር አይመጣጠንም። የሠፈራ ጣቢያ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች ከሚቀጥለው የዘር ወቅት አስቀድመው በእንጨት ሥራ ክፍሎቻቸው ቢያንስ ሁለት ካሊፐሮች፣ አንዱ ለውፍረት፣ ሌላው ለቀዳዳ፣ መዘጋጀታቸውን እንዲያረጋግጡ ይጠበቃል።